የተከሳሽ ፊትና የዳኛ ግምት

«ፊቱ ይመሰክርበታል» ማለት በዕለት ኑሮ የተለመደ ነው። በችሎት ግን ይህ ግምት የእስራት ዓመታትን ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ከልብ የመነጨ ጸጸትን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ይቆጥራል። የጸጸት መገለጫ አድርጎ የሚጠቅሰውም ተግባርን ነው፤ የተጎዳውን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅን መስጠት፣ ጉዳትን መካስ። እንባ አልተጠቀሰም። ይሁን እንጂ ዳኛም ሰው ነውና ዓይኑ ወደ ተከሳሹ ፊት መሄዱ አይቀርም።

በማጀቴና በቀረው የይፋት አካባቢ ያደገ ሰው በታላቅ ፊት አደግድጎ፣ ዓይኑን ሰብሮ መቆምን በልጅነቱ ይማራል። ወንድ ከሆነም፣ ከልቅሶ ቤት በቀር፣ በአደባባይ ማልቀሱ እንደ ነውር ይታይበታል። ይህ ሰው ተከሶ መሬት መሬት እያየ ቢመልስ፣ ደንቡን የሚያውቅ ዳኛ አክብሮትን ያይበታል፤ የማያውቀው ግን መሸሸግን ወይም ደንታ ቢስነትን። በአካባቢው አማራ፣ ኦሮሞና አርጎባ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የችሎቱን ቋንቋ ለማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይደነግጋል፤ አስተርጓሚው ግን ቃሉን እንጂ አቋቋሙን አይተረጉምለትም።

የአገር ሽምግልና በዚህ ረገድ ከሕጉ ጋር ይቀራረባል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ካሣ ይከፍላል፤ ፊቱን የሚመረምር የለም።

በትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት የሚቀርብ ተማሪም እንደዚሁ አንገቱን ይደፋል። መምህሩ «አጥፍቶ ነው ያቀረቀረው» ከማለቱ በፊት፣ ልጁ ከድርጊቱ በኋላ ምን እንዳደረገ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያስረዳ ቢጠይቀው ይበጃል።