የጎዳና ፎቶግራፍና የተነሺው ክብር

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቁይም ሆነ በሌሎች የወረዳ ከተሞች ፎቶግራፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለት ተዕለት ሥራ አካል ሆኗል። በስብሰባና በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ በሚነሱ ምስሎች ብዙ ጊዜ መድረኩና እንግዳው ጎልተው ሲታዩ፣ ነዋሪው ከኋላ ሆኖ ቦታ ማሟያ ይሆናል።

የአዲስ አበባው የጎዳና ፎቶግራፍ አንሺ አቶ ግርማ በርታ የሚከተሉት አሠራር ከዚህ ልማድ ይለያል። ሙያውን በራሳቸው ጥረት የተማሩት አቶ ግርማ ይበልጥ የሚታወቁት «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» የሚል ትርጉም ባለው የፎቶግራፍ ስብስባቸው ነው። ምስሎቹም የከተማዋን መንገደኞች በእጅ ስልክ በማንሳት የተዘጋጁ ናቸው።

በዚህ አሠራር ከተነሺው ጀርባ ያለው ሕንፃ፣ ተሽከርካሪና ግርግር ከምስሉ ይወገድና ሰውየው ከነጥላው በደማቅ ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ ይቀመጣል። በየዕለቱ ሳይስተዋል የሚታለፈው መንገደኛም የምስሉ ብቸኛ ባለቤት ይሆናል። አለባበሱ፣ አረማመዱና የያዘው ዕቃ ስለ ኑሮው ይናገራሉ።

ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ለፎቶግራፍ አንሺዎች ይሰጡት የነበረውን የገንዘብ ድጋፍ አስገኝቶላቸዋል። በዚያ ዓመት ድጋፉን ያገኙት ሦስት ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ዓላማውም በቂ ትኩረት ያላገኙ የኅብረተሰብ ክፍሎችን ሕይወት በምስል የሚያሳዩ ሥራዎችን ማበረታታት ነበር።

ይሁን እንጂ ጀርባን የማስወገዱ ዘዴ ለኪነ ጥበብ እንጂ ለሥራ ሪፖርት አይሆንም። የእርከን ሥራን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማስረጃ የሚሆነው ተራራው፣ እርከኑና አርሶ አደሩ እንደነበሩ ሲታዩ ነው። ለመሥሪያ ቤቶች የሚጠቅመው ትምህርት ተራውን ሰው የምስሉ ዋና ጉዳይ አድርጎ የማየት ዝንባሌው ነው።

የተነሺው መብት በሕግም የተደነገገ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የተነሺው ታዋቂነት ወይም የያዘው የመንግሥት ሥልጣን፣ የፍርድና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸሙ ድርጊቶች ፈቃድ የማያስፈልግባቸው ምክንያቶች እንደሚሆኑ ያመለክታል።

ይህ ልዩ ሁኔታ ሰፊ በመሆኑ በርካታ የጎዳናና የስብሰባ ምስሎች ከክልከላው ውጪ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም የእርዳታ እህል ለመቀበል የተሰለፈች እናት፣ እህሉን የሚያድለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ካሜራ ሲያነሳባት «አልነሳም» ለማለት ላትደፍር ትችላለች። በመሆኑም ፈቃዷን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ምስሉ የት እንደሚወጣ መንገርና እምቢታዋ ከወረፋዋ እንደማያስቀራት ማረጋገጥ ከሠራተኛው ይጠበቃል።