ኤች ፓይሎሪ በጤነኛ ልጆች ደም

በጨጓራ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። ያናጉት በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው። ከሕሙማን ጨጓራ የተወሰደውን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ፣ ኛሬ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን፣ በ1982 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ አራቡት። ማርሻል ሰሚ ሲያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ደግነቱ ዳነ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ኤች ፓይሎሪ የሚኖርበት ዘዴ ብልሃት የሞላበት ነው። ዩሪያን ሰባብሮ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክስለታል። ከዚያ የጨጓራን ግድግዳ በሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ሥር ይሸሸጋል።

ሰው ባብዛኛው የሚያዘው በልጅነቱ፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከእናቱ ወይም ከታላላቆቹ። ብዙ ሰው በሚኖርበት ጠባብ ቤት፣ ንጹሕ ውሃ በሚያጥርበት ሰፈር ቶሎ ይዛመታል። በአገራችንም በሰፊው ይገኛል። አብዛኞቹ ልጆች ምንም ሳይሰማቸው ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፤ ከተያዙት ጥቂቶቹ ግን ካደጉ በኋላ የጨጓራ ቁስለት፣ ከዚያም ባነሰ ቁጥር ካንሰር ያገኛቸዋል።

ባክቴሪያው ሲገባ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል፤ ይህም በደም ይታያል። ተመራማሪ አንድ መንደር ሄዶ ከጨጓራ ናሙና ለመውሰድ በጤነኛ ሕፃናት ሁሉ ጉሮሮ ቱቦ ማስገባት አይችልም። ጥቂት ደም ቀድቶ ግን ኢንፌክሽኑ በስንት ዓመት እንደሚጀምር፣ በየትኛው ሰፈር እንደሚበዛ ይገምታል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጨቅላው ደም የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል በማህፀን ሳለ ከእናቱ የወረሰው ሊሆን ይችላል።

አንድን ልጅ ለማከም ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የደም ምርመራው እንደ ጅብ ዱካ ነው፤ ማለፉን እንጂ አሁን ያለበትን አይናገርም። ፀረ እንግዳ አካሉ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ለወራት ይቆያል፤ በትንንሽ ልጆች ደግሞ ባክቴሪያው እያለም ምርመራው ሊስተው ይችላል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት በዚህ የደም ምርመራ ልጅ አይታከም ያሉት ለዚህ ነው። «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ ደህና ልጅን በአንድ ጊዜ ሁለት አንቲባዮቲክ ማስዋጥ፣ ለእኔ፣ ሕክምና አይደለም፤ የመድኃኒት መላመድንም ያባብሳል።

የታመመ ልጅ ሲሆን ማረጋገጫው ከጨጓራ የሚወሰድ ናሙና ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ይደረጋል፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ።