ለእኔ በጀኝ፣ ለሰው ግን እሰጋለሁ፦ ሰዎች ኢንተርኔትን እንዴት ይመዝኑታል?

ሰው ስለ ኢንተርኔት የሚሰጠው ፍርድ እንደ ጥያቄው ይለያያል። «ለራስህ ጠቀመህ ወይስ ጎዳህ?» ሲባል አንድ ይላል፤ «ለኅብረተሰቡስ?» ሲባል ሌላ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ አሜሪካውያን 88 በመቶው ለግል ሕይወታቸው በአብዛኛው መልካም እንደሆነላቸው ተናግረዋል። ለኅብረተሰቡ መልካም ነው ያሉት ግን 70 በመቶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሃዞቹ 90 እና 76 ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ሰዎች ስለ ራሳቸው ያላቸው አስተያየት ብዙም አልተነቃነቀም፤ ስለ ሌላው ያላቸው እምነት ግን ቀንሷል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የማስረጃው ምንጭ ነው። ስለ ራሳችን ስንጠየቅ የምናስታውሰው በእጃችን የሠራንበትን ነው፦ ዱባይ ካለች እህት ጋር በኢሞ መነጋገርን፣ በቴሌግራም የተገኘ የትምህርት መጽሐፍን፣ ባንክ ሳይኬድ የተላከ ገንዘብን። ስለ ኅብረተሰቡ ስንጠየቅ ግን የምናነሣው የሰማነውን ነው፦ የተጭበረበረ ሰው፣ ከተማ ያመሰ ሐሰተኛ ወሬ፣ በጥላቻ የተሞላ ጽሑፍ። ክፉ ወሬ ደግሞ ፈጥኖ ይሰማል፣ ቶሎም አይረሳም።

ሁለተኛው ምክንያት በሥነ ልቦናችን ውስጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፊሊፕስ ዴቪሰን የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር «የሦስተኛ ሰው ተጽዕኖ» ያሉትን ሐሳብ አቀረቡ። መነሻቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሰማ ታሪክ ነበር። በኢዎ ጂማ ደሴት የጃፓን ጦር፣ በነጭ መኮንኖች ይመሩ በነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ላይ በራሪ ወረቀት በተነ። መልእክቱ ጦርነቱ የነጮች በመሆኑ ሕይወታችሁን አትገብሩ የሚል ነበር። በማግስቱ የወታደሮቹ ክፍል ከቦታው እንዲነሣ ተደረገ። ወረቀቱ ወታደሮቹን እንዳናወጠ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም፤ ውሳኔ ያስለወጠው ወታደሮቹ ይታለላሉ ብለው የሰጉትን መኮንኖች ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ይህንኑ አረጋግጠዋል። ብዙ ሰው ጎጂ መልእክት ከእኔ ይልቅ ሌላውን ያታልላል ብሎ ያምናል። «ሌላው» እየራቀ ሲሄድ ግምቱ ያድጋል፦ ጓደኛዬ ትንሽ ይታለላል፣ የሰፈሩ ሰው ይብሳል፣ የማላውቀው ሕዝብ ደግሞ ከሁሉም የባሰ። ከግምቱ ቀጥሎ ፍላጎት ይመጣል፤ ሌላው ይጎዳል ብሎ አጥብቆ የሚያምን ሰው ቁጥጥርን የመደገፍ ዝንባሌው ይጨምራል።

ይህ ማለት ግን ስጋቱ ሁሉ ቅዠት ነው ማለት አይደለም። አንድ ነገር ለእያንዳንዳችን ምቹ ሆኖ ሳለ ሁላችንንም በጋራ ሊጎዳ ይችላል። ፒው እ.ኤ.አ. በ2022 በ19 አገሮች ባደረገው ጥናት፣ የአገሮቹ መካከለኛ አሃዝ ሲታይ 84 በመቶው ኢንተርኔትና ማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎችን በሐሰተኛ መረጃ ማታለልን አቅልለዋል ብለዋል። በዚያው ጥናት 57 በመቶው ማኅበራዊ ሚዲያ ለዴሞክራሲ ጠቅሟል ብለዋል። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያሉት 34 በመቶ ብቻ ናቸው። ያው መሣሪያ በየአገሩ የተለየ ፍርድ ያገኘው የየአገሩ ፖለቲካ ስለሚለያይ ጭምር ነው።

ጥያቄው ሲተነተን ደግሞ መልሱ ይበልጥ ይጠራል። ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 በ32 ታዳጊ አገሮች ባሰባሰበው አስተያየት፣ በአገሮቹ መካከለኛ አሃዝ 64 በመቶው ኢንተርኔት ለትምህርት በጎ ነው ሲሉ፣ ለሥነ ምግባር በጎ ነው ያሉት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 42 በመቶው መጥፎ ነው ብለዋል። ስለዚህ «ሕዝቡ ኢንተርኔትን ይወዳል» ወይም «ይጠላል» የሚል አርዕስተ ዜና ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንባቢ ማን እንደተጠየቀም ማየት አለበት፤ ከላይ በጠቀስነው የአሜሪካ ጥናት የተጠየቁት ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ብቻ ናቸው። ብዙው ሕዝብ ገና መስመር ላይ ባልገባበት እንደኛ ባለ አገር፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰበሰብ አስተያየት ገጠሩን፣ አረጋውያንንና ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውን ያስቀራል። የአፍሪካን ሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በየአገሩ ሰዎችን ፊት ለፊት፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ከወጣ በኋላ ፈተናው ተሰርዞ ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ፤ በ2009 ዓ.ም. የፈተና ሰሞን ደግሞ ኢንተርኔት ራሱ ተቋረጠ። የፈተናው መሾለክ እውነተኛ ጉዳት ነበር። ነገር ግን መዘጋቱ ፈተና የሰረቀውንና ምንም ያላጠፋውን ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ተማሪ አልለየም። እንዲህ ያለ እርምጃ ቀላል የሚመስለን ጉዳቱም መፍትሔውም የሌላ ሰው ሲመስለን ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ትልቅ ትምህርት ነው። ስለ ኢንተርኔት ሕግ ሲወጣ፣ በቤት ውስጥ ለልጆች ደንብ ሲወጣም ቢሆን፣ ከመፍረዳችን በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለብን፦ ጉዳቱ በማን ላይ ደረሰ፣ በምንስ ተረጋገጠ? ደግሞም ይታለላል ብለን የምንሰጋለትን ሰው ራሱን እንጠይቀው። ወጣቱም፣ የገጠሩም ሰው፣ ዘግይቶ የገባውም ስለ ራሱ የሚያውቀው አለ። ስለ ሰው የምናወጣው ደንብ ሰውየው ካልተጠየቀበት፣ የምንጠብቀው እርሱን ሳይሆን የራሳችንን ግምት ነው።