የሚበሰብስ ፕላስቲክ፣ ማለስለሻና ቅይጥ፦ ከፎገራ ሜዳ የታየ ዳሰሳ

በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈሱ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይተኛበታል። ለሩዝ የተመቸው ይኸው ጎርፍ በየመንገዱና በየገበያው የተጣለውን ፌስታል እየገፋ ማሳ ላይ ይጥለዋል፤ ወደ ጣናም ይወስደዋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ታዲያ ፌስታል በምን ይተካ? ከሚቀርቡት መልሶች አንዱ የሚበሰብስ ፕላስቲክ ነው። እርሱ ግን ብቻውን ደካማ ስለሆነ አቅም የሚያገኘው በማለስለሻና በቅይጥ ነው።

ጉድለቱ ምንድን ነው?

በዘርፉ በብዛት የሚጠኑት ፖሊመሮች፣ ማለትም ሞለኪውሎቻቸው እንደ ሰንሰለት የረዘሙ ነገሮች፣ ጥቂት ናቸው። ስታርች ርካሽ ነው፤ ከሩዝ፣ ከበቆሎ፣ ከድንችና ከካሳቫ ይወጣል። ሆኖም ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ውኃ ሲነካው ይላላል። ከስታርች የሚገኘውን ስኳር በማብላላት የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ፣ በአጭሩ ፒኤልኤ፣ ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ነገር ግን ሲሳብ ከርዝመቱ 10 በመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ይበጠሳል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሌሟኝ እ.ኤ.አ. በ1926 በባክቴሪያ ውስጥ ያገኘው ፒኤችቢም ተሰባሪ ነው፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ከሚበላሽበት ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ በፋብሪካ ማሽን ለመቅረጽ ያስቸግራል።

ማለስለሻ

ማለስለሻ ትንንሽ ሞለኪውሎች ያሉት ንጥረ ነገር ነው። በረጃጅሞቹ የፖሊመር ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ እርስ በርስ የተያያዙበትን ኃይል ያላላል፤ ሰንሰለቶቹም መንሸራተት ይችላሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ሴሉሎይድ የተሠራው ናይትሮሴሉሎስን በካምፎር በማለስለስ ነበር።

ለስታርች የተለመዱት ማለስለሻዎች ውኃ፣ ግሊሰሪንና ሶርቢቶል ናቸው። ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆን ግሊሰሪን ተጨምሮበት በሙቀትና በግፊት ሲታሽ የስታርቹ ቅንጣት ይፈርስና እንደ ፕላስቲክ የሚቀረጽ ነገር ይሆናል። ለፒኤልኤ ደግሞ ከሲትሪክ አሲድ የሚሠሩ ሲትሬቶችና ፖሊኢትሊን ግላይኮል ያገለግላሉ።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ማለስለሻው በበዛ ቁጥር ጥንካሬ ይቀንሳል። ግሊሰሪን እርጥበት ይስባል፤ ከጊዜ በኋላም ወደ ላይ ወጥቶ የታሸገውን ምግብ ሊነካ ይችላል። ከዚህም በላይ የስታርቹ ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ እንደገና ስለሚደረደሩ ዕቃው ይደርቃል። የሩዝ እንጀራ በማግሥቱ የሚደርቀው በዚሁ ሂደት ነው፤ የፎገራ ባለሙያ ሴቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ይጋግሩታል።

ቅይጥ

በቅይጥ አንዱ ፖሊመር የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ፒቢኤቲ የተባለው ፖሊመር ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች ቢሠራም ይበሰብሳል፤ እጅግም ይለጠጣል። ከፒኤልኤ ወይም ከስታርች ጋር ሲቀየጥ ለከረጢት የሚሆን ስስ ንጣፍ ይወጣዋል። የጣልያኑ ኖቫሞንት ማተር ቢ የተባለውን ምርት ገበያ ያደረሰው ስታርችን ከሌሎች የሚበሰብሱ ፖሊመሮች ጋር ቀይጦ ነው። ችግሩ አብዛኞቹ ፖሊመሮች በራሳቸው አለመዋሃዳቸው ነው። በመካከላቸው ያለው ድንበር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እንደ ማሌይክ አንሃይድራይድ ያለ አገናኝ ይጨመርበታል።

አንድ ጥፋት መረሳት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ ጄራልድ ግሪፊን ስታርችን ከተራ ፖሊኢትሊን ጋር ቀላቀለ፤ በኋላም ተመሳሳይ ከረጢቶች «የሚበሰብሱ» ተብለው ተሸጡ። በአፈር ውስጥ ስታርቹ ተበላ፤ ፖሊኢትሊኑ ግን ተበጣጥሶ ቀረ። ቅይጥ የሚበሰብሰው አካላቱ ሁሉ ሲበሰብሱ ብቻ ነው።

ፎገራ ምን አላት?

ሩዝ በፎገራ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ዛሬ የወረዳው ከተማ ወረታ የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዝ ሲፈተግ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል፤ የተሰባበረ ሩዝም ይተርፋል። የሩዝ ስታርች ቅንጣት ከ3 እስከ 8 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነች ለስስ ንጣፍ ትመቻለች። ሴሉሎስ፣ ሊግኒንና ሲሊካ ያለበት ቅርፊት ተፈጭቶ በቅይጡ ውስጥ ማጠናከሪያ ሊሆን ይችላል። በአገር ውስጥ የዕውቀት መነሻም አለ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጽጌ ገብረ ማርያም ከጀርመናዊ ባልደረባቸው ጋር የእንሰት ስታርችን ባሕርይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1996 አሳትመዋል።

እኔ ግን ከገበታ የሚነጠቅ ሩዝ ፕላስቲክ እንዲሆን አልመክርም። መነሻው ቅርፊቱና ለምግብ የማይፈለገው ስባሪ ይሁን። መለኪያውም የፎገራ አፈር ይሁን። የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 13432 ከዕቃው ዘጠና በመቶው በ6 ወር ውስጥ እንዲበሰብስ ይጠይቃል፤ ይህ ግን 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ የኢንዱስትሪ ብስባሽ ውስጥ ነው። ፒኤልኤ በዚያ ሙቀት ይበሰብሳል፤ በማሳ አፈር ግን ዓመታት ይቆያል።

አንባቢ ሆይ፣ «የሚበሰብስ» ተብሎ የተጻፈበት ከረጢት ሲቀርብልህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ማለስለሻው ምንድን ነው? ከምን ጋር ተቀየጠ? በስንት ሙቀት፣ በስንት ጊዜ ይበሰብሳል? ለሦስቱም መልስ የሌለው ከረጢት ፌስታልን አልተካም።