ዶሮዋ እንቁላል ስታቆም፦ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

(ከሬዲዮ የጤና ትምህርታችን የተወሰደ)

የዛሬው ትምህርታችን በባሕሪ በየሐውሹ ስለምናረባቸው ዶሮዎች ነው።

ሦስት አራት ዶሮ ላለው ቤተሰብ እንቁላል የልጅ ምግብ ነው፤ ሲተርፍም የሽንኩርትና የዘይት መግዣ ይሆናል። ስለዚህ ዶሮዋ መጣል ስታቆም እናት ትጨነቃለች። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ለሰው የተሠራ ካፕሱል ገዝቶ በዶሮዋ ውሃ ይበጠብጣል። ይሁንና እንቁላል ያቆመች ዶሮ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ናት። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተራ ጠይቁ።

1ኛ. ጊዜዋ ነውን?

ቄብ ዶሮ መጣል የምትጀምረው ከ5 እስከ 6 ወር ሲሆናት ነው። ከ2 ዓመት በላይ የሆናት ደግሞ እየቀነሰች ትሄዳለች። የሀገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ነው፤ ጥቂት ጥላ ልታቀፍ ትቀመጣለች። ታቅፋ ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጅባታል፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል አትጠብቁ። ላባዋን በምትቀይርበት ወቅትም ለሳምንታት ታቆማለች። በአናቷ ላይ ያለው ሥጋ ቀይ ከሆነ፣ በደንብ ከበላችና ከተንቀሳቀሰች በትዕግሥት ጠብቁ።

ግቢውንም ፈትሹ። ዶሮዋ ከዕቃ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ መሐል ደብቃ እየጣለች ይሆናል፤ ወይም ድመትና አይጥ እየቀደሟችሁ ይሆናል።

2ኛ. ውሃና ጥላ አላትን?

በባሕሪ ትልቁ ችግር ይህ ነው። በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዶሮ ላብ የላትም፤ አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው ሰውነቷን የምታቀዘቅዘው። ስታለከልክ ምግብ ትቀንሳለች፣ የእንቁላሉም ቅርፊት ይሳሳል። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ እጥፍ ያስፈልጋታል። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ካጣች ለብዙ ቀናት እንቁላል ልታቆም ትችላለች።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሲጀመር የባሕሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ አቁሞ ነበር፤ ብዙ ሰው ለራሱ የሚጠጣው እንኳ ቸግሮት ነበር። ውሃ በሚጠፋበት ጊዜ ሩዝ ወይም አትክልት የታጠበበትን ንጹሕ ውሃ ለዶሮዎች አስቀምጡላቸው፤ ሳሙና የነካው ግን አይሆንም። ውሃውን በሸክላ ዕቃ አድርጋችሁ ከራኩባው ጥላ ሥር አኑሩ፤ ጠዋትና ቀትር ላይ ለውጡ። ምግባቸውን ማለዳና አመሻሽ ላይ ስጡ።

3ኛ. ምን ትበላለች?

ዱራ ወይም ደረቅ ዳቦ ብቻ የምትበላ ዶሮ ትወፍራለች እንጂ በደንብ አትጥልም። የኦቾሎኒ ወይም የሰሊጥ ኡምባዝ፣ የተቀቀለ የዓሣ ጭንቅላትና ትንሽ በርሲም ጨምሩላት። ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ከካልሲየም ስለሆነ የእንቁላል ቅርፊት በምጣድ አድርቃችሁ በደንብ ፈጭታችሁ ስጧት። ሳይፈጭ ከተሰጣት የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። የሻገተ ዳቦና የሻገተ ኡምባዝ ግን መርዝ አለውና ጣሉት።

4ኛ. ቅንቅን አለባትን?

ማታ በባትሪ ብርሃን የቆጡን ስንጥቅና ከክንፏ ሥር ተመልከቱ። ቀን ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጥ ቅንቅን ዶሮዋን ያደክማታል፤ እንቁላልም ያስቆማታል። ቆጡን ጠርጋችሁ በፈላ ውሃ እጠቡት፣ በፀሐይም አድርቁት። አመድ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ የምትንከባለልበት ጉድጓድ አዘጋጁላት።

5ኛ. በሽታ ይሆን?

የሚከተሉትን ምልክቶች ስታዩ ነገሩ ይለወጣል፦ ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ መጣል ማቆም፣ አረንጓዴ ኩስ፣ አፍ ከፍቶ በጭንቅ መተንፈስ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የራስ ማበጥ፣ ድንገተኛ ሞት።

ፈንግል በጥቂት ቀናት የግቢውን ዶሮ ሊጨርስ ይችላል። በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ካፕሱል አያድነውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ቢሾፍቱ ከሚመረቱት መካከል ሙቀት የሚቋቋምና በዓይን የሚንጠባጠብ ዓይነት አለ፤ እርሱም በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። በባሕሪ ሻምባት ከጦርነቱ በፊት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የሚያስተምርበት ሰፈር ነበር፤ ዛሬ በአቅራቢያችሁ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ማን እንደሆነ በሰላሙ ጊዜ ጠይቃችሁ እወቁ።

የወፍ ጉንፋንም ተመሳሳይ ምልክት አለው፤ በዓይን ብቻ ከፈንግል መለየት አይቻልም። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2006 በካርቱምና በጀዚራ ግዛቶች በዶሮዎች ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ፦

- «ሳትሞት እንረዳት» አትበሉ። የታመመችውን አትረዱ፣ አትብሉ፣ ለጎረቤትም አትሽጡ።
- የሞተችውን በባዶ እጅ አትንኩ። እጃችሁን በፌስታል፣ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ከዚያ በሳሙና ታጠቡ።
- የቀሩትን ዶሮዎች ዝጉባቸው፤ ልጆችን አርቁ፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።
- የታመመ ዶሮ የነካ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ትኩሳትና ሳል ከያዘው ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ዶሮ መንካቱንም ለሐኪሙ ይናገር።

ስለ ካፕሱሉ አንድ ነገር እንጨምር። ቴትራሳይክሊንና የመሳሰሉት ለዶሮ ሲሰጡ ወደ እንቁላሉ ይገባሉ፤ እንቁላሉን ልጃችሁ ይበላዋል። በዘፈቀደ ሲሰጡም ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ በኋላ ሰው ሲታመም መድኃኒቱ እምቢ ይላል። የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ እንቁላሉ ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቁት።

ጤነኛዋ ዶሮ የጣለችውንም በጥንቃቄ ያዙ። በሙቀት ጊዜ እንቁላል በቀን ሁለት ጊዜ ልቀሙ፤ መብራት ከሌለ በዚሩ አጠገብ በጥላ አስቀምጡ። የተሰነጠቀውን ጣሉ። ስታበስሉ አስኳሉ እስኪጠነክር ይብሰል፤ ይህ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች በጣም አስፈላጊ ነው። ዶሮዎችም ከምትተኙበትና ከምታበስሉበት ክፍል ውጪ ይደሩ። ኩሳቸውን ከጠረጋችሁ በኋላ፣ ምግብም ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።