የሰኔ አዋጆች

ለእኛ ለጠበቆች ሰኔ የጥድፊያ ወር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 እንደሚያበቃ ሕገ መንግሥቱ ስለደነገገ፣ በጀቱም ሲንከባለል የከረመው ረቂቅ አዋጅም በአንድ ላይ ይደራረባሉ። ለሕዝብ አስተያየት መድረክ የሚጠራው ደብዳቤ በዋዜማው ይደርሳል፤ ረቂቁ የሚታደለው በር ላይ ነው። በሻይ ዕረፍት ላይ ቆመው የሚያገላብጡት የማኅበር ተወካዮች ብዙ ናቸው። መድረኩ ሲከፈት ታዲያ ወሬው ሁሉ ስለ ሕጉ ዓላማ ይሆናል። አንቀጹን ማን አንብቦት!

መዘዙ ያለው ግን አንቀጹ ውስጥ ነው። በመጨረሻው ሰዓት አንድ አንቀጽ ሲሰረዝ የተከታዮቹ ቁጥር ይቀየራል፤ የቅጣት ድንጋጌው የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ደንበኛዬ "የተከሰስኩት በየትኛው ነው?" ሲለኝ የሕግ አውጪውን ሐሳብ ፍለጋ ቃለ ጉባኤ አስወጣለሁ። በጥድፊያ የጸደቀ አዋጅ ቃለ ጉባኤውም አጭር ነው፤ ሕጉ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ የጠየቀ አባል ካልነበረ ዳኛውም የሚይዘው ነገር አያገኝም።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። ለመመሪያው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ የእናት ሕጉ፣ የአዋጁ፣ ውይይት ግን በአብዛኛው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ እንዳመቸው ነው።

እርግጥ ወረርሽኝ ገብቶ አስቸኳይ ሕግ ሲያስፈልግ ፓርላማው ይዘግይ የሚል የለም። ደግሞም ስብሰባ መጥራት ብቻውን ዋጋ የለውም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲረቀቅ ውይይት ተካሂዶ ነበር። ይሁንና ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ የሚከለክለው ድንጋጌ፣ ያ ሁሉ ተቃውሞ እያለ ጸደቀ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪሻር 10 ዓመት ሄደ። በመሃሉ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጡ የነበሩ ድርጅቶች አገልግሎታቸውን ቀነሱ፤ አቤት የሚሉበት ያጡት ሴቶች ጉዳይ ያኔውኑ በይርጋ ታግዷል።

የቤተሰብ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ያደረገው ግን የሴት የሕግ ባለሙያዎች ከጎተጎቱበት፣ ሕዝቡም ከተከራከረበት በኋላ ነው።

ከቋሚ ኮሚቴዎች የምፈልገው ብዙ አይደለም። ረቂቁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረሰን፤ ያልተቀበሉት አስተያየት ካለም ምክንያቱን በውሳኔ ሐሳባቸው ላይ ጽፈው ለምክር ቤቱ ያቅርቡ።