የሌጎ ጭነት ባቡር፦ ጡቦቹ ከ60 ዓመት በኋላም ሲገጥሙ ሞተሩ ለምን አልገጥምም አለ?

እአአ በ1958 የተመረተ አንድ የሌጎ ጡብ ዛሬ ከመደብር ከተገዛ አዲስ ጡብ ጋር ያለ ምንም ችግር ይገጥማል። አያት የተጫወተበትን ሳጥን የልጅ ልጅ ቢከፍተው የሚጣል ነገር አያገኝበትም። ብዙ ወላጆች ይህንን መጫወቻ ውድ ነው እያሉም የሚገዙት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በዚህ ደንብ አይተዳደርም። ዛሬ የሚሸጠው የባቡር ሞተር ከ15 ዓመት በፊት በተሸጠው የባትሪ ሳጥን ላይ አይሰካም። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ከነጭራሹ በሌላ መንገድ የሚሠራ ነበር።

በኩባንያው የባቡር ምርቶች ውስጥ የጭነት ባቡሩ በተደጋጋሚ እየታደሰ ለገበያ የሚቀርብ ነው። አዲስ በመጣ ቁጥርም በልጅነታቸው ጀምረው እስከ ጉልምስና ያልተዉት የሌጎ ባቡር አፍቃሪዎች የሚነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ከ200 ዶላር ያላነሰ ዋጋ የሚጠየቅበት ይህ ጥቅል ዋጋውን ያወጣል?

ለመሆኑ ክርክሩ ስለ ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአናጢው ቤት እስከ ሃዲዱ

ሌጎ የተመሠረተው በ1932 ቢሉንድ በተባለች የዴንማርክ ትንሽ ከተማ ነው። መሥራቹ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን አናጢ የነበሩ ሲሆን፣ መጀመሪያ ይሠሩ የነበረውም የእንጨት መጫወቻ ነበር። በ1934 የወጣው ስም “በደንብ ተጫወት” የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የዴንማርክ ቋንቋ ቃላት የተገኘ ነው።

ዛሬ የምናውቀው ከላይ ጉብታዎች፣ ከሥር ደግሞ ባዶ ቱቦዎች ያሉት የፕላስቲክ ጡብ የባለቤትነት መብት ጥያቄ የቀረበለት በጥር 1958 ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በባትሪ የሚሄደው የመጀመሪያው የሌጎ ኤሌክትሪክ ባቡር ገበያ ላይ ዋለ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሁለቱ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ያውም ደጋግሞ የተለወጠው፣ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመጣበት መንገድ ነው።

በካርቶኑ ውስጥ ምን አለ?

በአፍቃሪዎቹ ዘንድ በብዛት የሚነጻጸሩት የቅርብ ዓመታት የጭነት ባቡሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው በ2018 የወጣውና 60198 የሚል መለያ ቁጥር ያለው አረንጓዴ ባቡር ነው፤ 1226 ቁርጥራጮች አሉት። ሁለተኛው በ2022 የተተካው፣ 1153 ቁርጥራጮች ያሉትና መለያ ቁጥሩ 60336 የሆነው ነው።

ሁለቱም ሞተር፣ የባትሪ ሳጥን፣ ሪሞት፣ ሃዲድና ስድስት ትንንሽ ሰዎች አሏቸው። በ2018ቱ ጥቅል ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ገንዘብ የሚያጓጉዝ ብረት ለበስ መኪና እና መኪናውን የሚያደባ ዘራፊ ይገኛሉ። በ2022ቱ ደግሞ ኮንቴይነር የሚያነሣ ከባድ ተሽከርካሪና በፉርጎ ላይ የሚጫኑ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ።

የአፍቃሪዎቹ የመጀመሪያ ልዩነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገሚሶቹ ዘራፊውም ተሽከርካሪውም ቀርቶ በምትኩ አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ቢጨመር ይመርጣሉ። የጭነት ባቡር ውበቱ ርዝመቱ ነው፤ ሁለትና ሦስት ፉርጎ ብቻ የሚጎትት ሎኮሞቲቭ ባቡር ሳይሆን የባቡር ናሙና ነው ባይ ናቸው።

ሌሎቹ መጫወቻው የተሠራው ከስድስትና ከሰባት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም ይላሉ። ልጅ ባቡር ሲዞር አይቶ የሚረካው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጫን፣ የሚራገፍና የሚሳደድ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ዘራፊውና ክሬኑ ለልጁ የጨዋታው ዋና ክፍል ናቸው።

ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ?

ዋነኛው ክርክር ግን የኃይል ምንጩን የተመለከተ ነው። ይህንን ለመረዳት ባቡሩ ያለፈባቸውን ዘመናት በቅደም ተከተል ማየት ይጠቅማል።

የ1966ቱ ባቡር 4.5 ቮልት ባትሪውን ተሸክሞ የሚጓዝ ነበር። በ1969 የመጣው የ12 ቮልት ሥርዓት ደግሞ ኤሌክትሪኩን ከቤት ግድግዳ በመቀነሻ እየወሰደ፣ በሃዲዱ መሐል በተዘረጋ ተጨማሪ መስመር አማካይነት ለሞተሩ ያደርስ ጀመር።

በ1991 የተጀመረው የ9 ቮልት ሥርዓት ይህንን አቀለለው። ሃዲዶቹ ራሳቸው በብረት ተለበጡና ኤሌክትሪኩ በእነርሱ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ። ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ሲያዞር ባቡሩ ይፈጥናል፤ ሲመልሰው ይቆማል። ባትሪ መግዛት የለም፤ ባቡሩም በመንገድ ላይ “ደክሞት” አይቆምም።

ልዩነቱን ለአዲስ አበባ ነዋሪ ማስረዳት አይከብድም። የከተማዋ ቀላል ባቡር ኃይሉን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ እየሳበ ይጓዛል እንጂ ኃይሉን በጀርባው አይሸከምም። የ9 ቮልቱ ሌጎ ባቡርም፣ ሽቦው ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከሥር ቢሆንም፣ በተመሳሳይ መንገድ ኃይሉን ከውጭ የሚያገኝ ነበር።

በ2006 ኩባንያው በኢንፍራሬድ ሪሞት የሚታዘዝ፣ ባትሪ የተሸከመ ባቡር ይዞ መጣ። ሃዲዱም ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ሆነ። በዓመቱ የ9 ቮልቱ ባቡር ምርት ቆመ። ለብዙ አዋቂ አፍቃሪዎች ይህ ዛሬም ድረስ በቅሬታ የሚነሣ ውሳኔ ነው፤ በብረት ሃዲድ ላይ ያፈሰሱት ገንዘብ ማደጊያ አጥቷልና።

ለጥቂት ዓመታት ከቆየው ከዚያ ሥርዓት በኋላ ደግሞ ሞተሩና ባትሪው ተነጣጥለው የሚገዙበት “ፓወር ፈንክሽንስ” የተባለው ተተካ። በ2018 ይህም ቀርቶ በብሉቱዝ የሚሠራው “ፓወርድ አፕ” መጣ። መሰኪያው ከቀድሞው የተለየ በመሆኑ የሁለቱ ዘመናት ሞተርና ባትሪ ሳጥን በቀጥታ አይገናኙም።

የባትሪው ሒሳብ

የአሁኑ የባቡር ባትሪ ሳጥን ትሪፕል ኤ የሚባሉ ስድስት ቀጫጭን ባትሪዎችን ይወስዳል፤ ሪሞቱ ደግሞ ሌላ አራት ይፈልጋል። አሥር ባትሪ መሆኑ ነው። ልጁ በየቀኑ የሚጫወት ከሆነ የባትሪው ወጪ እየተጠራቀመ ቀላል የማይባል መጠን ላይ ይደርሳል።

በቻርጅ የሚሞሉ ባትሪዎችን መጠቀም ወጪውን ይቀንሳል። ሆኖም ተራ ባትሪ 1.5 ቮልት ሲሰጥ የሚሞላው 1.2 ቮልት ያህል ነው የሚሰጠው። ስድስቱ ሲደመሩ ከ9 ቮልት ወደ 7.2 ዝቅ ይላል። ባቡሩ መሄዱን አይተውም፤ ነገር ግን ቀርፈፍ ሊል ይችላል፤ ጭነት ሲበዛበትም ይታወቅበታል።

በቀድሞው ሥርዓት ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው፣ በቻርጅ የሚሞላ የባትሪ ሳጥን ነበር። አፍቃሪዎቹ አጥብቀው የሚያነሡት ወቀሳም ይኸው ነው፤ አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ ለባቡሩ ተመጣጣኝ ምትክ አላገኙም።

አዲሱን የሚደግፉም አሉ። የኢንፍራሬድ ሪሞት እንደ ቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ ከባቡሩ ፊት ለፊት መሆን ይሻል፤ ባቡሩ ከሶፋ ሥር ሲገባ ትእዛዝ አይሰማም። ብሉቱዝ ግን ከሶፋው ሥርም ይደርሰዋል። በተጨማሪም ባቡሩ በስልክ መተግበሪያ ሊታዘዝ ይችላል፤ ስልክ የሌለው ልጅም በሪሞቱ ብቻ መጫወት ይችላል። ባትሪ የተሸከመ ባቡር ለልጅ ያለው ሌላው ጥቅም ሃዲዱን እንደልብ ለመዘርጋት ማስቻሉ ነው። በብረት ሃዲድ ላይ መስመሩ ተመልሶ ራሱን የሚያገኝ ከሆነ አሉታዊውና አዎንታዊው ተገናኝተው ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። በፕላስቲኩ ላይ እንዲህ ያለ ሥጋት የለም።

ኩርባው ለምን ጠበበ?

ሌላው የክርክር ርእስ የሃዲዱ ኩርባ ነው። 16 የኩርባ ሃዲዶች ሲገጣጠሙ አንድ ሙሉ ክብ ይሠራሉ። የዚህ ክብ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ማንኛውም ሳሎን ውስጥ ይበቃል።

በሌጎ ሃዲዶች መካከል ያለው ስፋት ግን 37.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘውን አዲሱን መስመር ጨምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራበት መደበኛ ሃዲድ 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ መጫወቻው ከእውነተኛው 38 ጊዜ ያህል ያንሳል ማለት ነው። የሌጎውን ኩርባ በዚሁ ስሌት ብናሳድገው መጠምዘዣው 12 ሜትር ገደማ ሬዲየስ ይኖረዋል። እውነተኛ የጭነት ባቡር በመቶዎች ሜትር የሚለካ ኩርባ ይፈልጋል።

ጠባቡ ኩርባ ውጤቱ ብዙ ነው። ረጅም ፉርጎ ሲዞር መሐሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ያፈነግጣል። መንኮራኩሮቹ ከሃዲዱ ጋር ስለሚፋተጉ ሞተሩ ይደክማል፤ ፉርጎ በበዛ ቁጥር ባቡሩ ይቆማል ወይም ከሃዲድ ይወጣል። በዚህ የተነሣ ነው ብዙዎች ረጅም ባቡር ሲሠሩ ሁለተኛ ሞተር የሚጨምሩት።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ደግሞ የባቡሩ ስፋት ነው። ኩባንያው ባቡሮቹን በአብዛኛው ስድስት ጉብታ ስፋት እንዲኖራቸው አድርጎ ይሠራል። አንዱ ጉብታ ከቀጣዩ መሐል ለመሐል 8 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቅ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከላይ ባየነው ስሌት ሲያድግ ከ1.9 ሜትር በታች ነው፤ እውነተኛ ፉርጎ ግን ሦስት ሜትር ያህል ይሰፋል።

ለእውነታ የሚጨነቁ አፍቃሪዎች ስለዚህ ስምንት ጉብታ ስፋት ያለው ባቡር ይሠራሉ። የስድስቱ ደጋፊዎች ደግሞ ሰፊና ከባድ ባቡር በጠባብ ኩርባ ላይ እንደሚቸገር፣ ብዙ ጡብም እንደሚጠይቅ ያስረዳሉ። ክርክሩ አሸናፊ የለውም፤ በአብዛኛው የሚወስነው ሰውዬው ያለው ክፍል ስፋትና የኪሱ አቅም ነው።

አፍቃሪዎቹ ክፍተቱን እንዴት ሞሉት?

ኩባንያው ያቆመውን አፍቃሪዎቹ ራሳቸው መቀጠላቸው የዚህ ታሪክ አንዱ ገጽታ ነው። በካናዳ የሚገኘው “ኤፍኤክስ ብሪክስ” ከቀድሞው የ9 ቮልት ሥርዓት ጋር የሚገጥም የብረት ሃዲድና ሰፋፊ ኩርባዎችን ያመርታል። “ፓይብሪክስ” የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ የባትሪ ሳጥኑን እንደ ትንሽ ኮምፒውተር በራስ ፕሮግራም ለማዘዝ ያስችላል።

ያገለገሉ ክፍሎች የሚሸጡበት “ብሪክሊንክ” የተሰኘው የኢንተርኔት ገበያም በአፍቃሪ የተጀመረ ነው፤ ሌጎ በ2019 ገዝቶታል። የቆመው የ9 ቮልት ሞተር ዛሬም ፈላጊ የሚያገኘው በእንዲህ ያሉ ገበያዎች ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

ለትንሽ ልጅ የሚገዙ ከሆነ አዲሱ የብሉቱዝ ጥቅል የተሟላ ነው፤ ከባትሪ በቀር ሌላ ነገር ሳይገዙ በዚያው ቀን ይሠራል። ባትሪ በካርቶኑ ውስጥ ይኑር አይኑር ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል፤ በበዓል ማለዳ የተከፈተ ስጦታ በባትሪ እጦት ቆሞ ሲቀር የሚያዝነው ልጁ ነው።

ያገለገለ ባቡር የሚገዙ ደግሞ የየትኛው ዘመን ሥርዓት እንደሆነ ይጠይቁ። የ9 ቮልቱ መቀነሻ ለተሸጠበት አገር ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተገዛው ለ120 ቮልት በመሆኑ 220 ቮልትና ከዚያ በላይ ወደሚጠቀሙት አውሮፓ፣ የባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም ኢትዮጵያ ይዘውት ቢሄዱ በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት የለበትም። የባትሪው ባቡር ይህ ጣጣ የለበትም።

የድሮ ባቡር ቤት ያላቸውም ለመጣል አይቸኩሉ። ሞተሩ ከአዲሱ ጋር ባይስማማም ፉርጎዎቹ በአዲሱ ሃዲድ ላይ ሊንከባለሉ ይችላሉ። በ1991 የተጀመረው የ9 ቮልት ሃዲድና ዛሬ የሚሸጠው የፕላስቲክ ሃዲድም እርስ በርስ ይጋጠማሉ። አዲሱ የባትሪ ባቡር በአሮጌው የብረት ሃዲድ ላይ ይሄዳል፤ አሮጌው የ9 ቮልት ሞተር ግን በአዲሱ ፕላስቲክ ላይ ሲደርስ ኃይል አጥቶ ይቆማል።